መሐል ሰፋሪ ስለ ተባለ ሰው፤ የሃሊፋክስን «የትሪመር ጠባይ» ስለ መመርመር

ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው በሚከራከሩበት ዘመን፥ ከተቃራኒው ወገን ሰው ይልቅ አብዝቶ የሚጠላው በመካከል የቆመው ነው። ተቃራኒው ጠላትነቱ የታወቀ ስለ ሆነ ስፍራው ግልጥ ነው፤ ብርታቱም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ ይመሰገንለታል። «ይህ ነገራችሁ እውነት ነው፥ ያኛው ግን ከልክ አልፏል» የሚለው ሰው ግን በአንደኛው ሰፈር ፈሪ፥ በሁለተኛው ሰፈር ከዳተኛ፥ በሁለቱም ሰፈር በሁለት ቢላዋ የሚበላ ይባላል። የእኛም ቋንቋ ለእንዲህ ያለው ሰው ያዘጋጀለት ስም «መሐል ሰፋሪ» የሚል ነው።

ነገር ግን ይህ ስም ከመጀመሪያው ስድብ አልነበረም። መሐል ሰፋሪ ማለት በዘመቻ ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ድንኳን ዙሪያ የሚሰፍር የመንግሥቱ ሠራዊት ነበር። የሰፈሩ መካከል የክብርም የጭንቅም ስፍራ ነው። በ1910 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ ተሰብስቦ ሚኒስትሮቹ እንዲሻሩ የጠየቀው ይኸው መሐል ሰፋሪ ነበረና፥ መካከል መስፈር ዳር ይዞ እንደ መመልከት አይቈጠርም ነበር። የክብር ስም የነበረው ቃል ከዚያ ወዲህ ወርዶ ወላዋይን መስደቢያ ሆነ።

በእንግሊዝ አገር ግን የዚህ ተገላቢጦሽ የሆነ ነገር ተደርጎ ነበር። ስድብ ሆኖ የተወለደውን ስም አንድ ሰው ከመሬት አንሥቶ ወደ ክብር ሊያወጣው ሞከረ። ይህ ሰው ጆርጅ ሳቪል፥ የሃሊፋክስ ማርኬስ ይባላል፤ በ1633 ተወልዶ በ1695 ሞተ፤ (ከዚህ በኋላ የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉም «የትሪመር ጠባይ» የሚባለው ትንሽ ድርሰት ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንመረምረው ይህን መጽሐፍ ነው፤ የምንመረምረውም ስለ እንግሊዞች ያለፈ ጠብ ለማውራት ብቻ ሳይሆን፥ በመካከል የቆመ ሰው ለራሱ ምን ጥብቅና ሊያቀርብ እንደሚችል፥ ጥብቅናውም እስከ የት ድረስ እንደሚያቆመው ለመመዘን ነው።

አስቀድሞ ዘመኑን ማወቅ ይገባል። ዳግማዊ ቻርልስ በ1660 ወደ አባቱ ዙፋን ሲመለስ አገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነትንና የንጉሥን አንገት መቈረጥ አይታ ነበር። ንጉሡ ከሕግ ሚስቱ ልጅ ስላልወለደ አልጋው ለወንድሙ ለጄምስ የሚያልፍ ሆነ፤ ጄምስም የሮማን ሃይማኖት ተቀብሎ ነበር። በ1678 ታይተስ ኦትስ የሚባል ሐሰተኛ ሰው ካቶሊኮች ንጉሡን ሊገድሉ ተማምለዋል ብሎ ወሬ አወጣ። ሕዝቡም በፍርሃት ታወረ፤ ብዙ ንጹሓን በሐሰት ምስክር ሞቱ። በዚህ ፍርሃት ውስጥ ጄምስ ከአልጋ ወራሽነት እንዲሰረዝ የሚፈልጉትና የማይፈልጉት በሁለት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹን ጠላቶቻቸው «ዊግ» አሏቸው፤ ይህም የስኮትላንድ ዐመፀኞች ስም ነበር። ሁለተኞቹን ደግሞ «ቶሪ» አሏቸው፤ ይህም የአየርላንድ ሽፍቶች ስም ነበር። ሁለቱም ስሞች ስድብ ነበሩ፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ስድባቸውን እንደ ዐርማ አንሥተው ከመቶ ዓመት በላይ ተጠሩበት።

ሦስተኛው ስድብ «ትሪመር» የሚል ነው። ቃሉ የመርከበኞች ነው፤ መርከብ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ጭነቱን እያዛወረ የሚያስተካክል ሰው ማለት ነው። በ1681 «ኦብዘርቫተር» የሚባል ጋዜጣ ያቋቋመው ሮጀር ለስትሬንጅ የሚባለው የቶሪ ጸሐፊ፥ በመካከል የሚቆሙትን ሁሉ በዚህ ስም ይዘልፋቸው ጀመር። ለእርሱ ትሪመር ማለት ግልጥ ጠላት ለመሆን ድፍረት ያጣ ዊግ ማለት ነበር። ዊግና ቶሪ ስድባቸውን የሚያነሣላቸው ሠራዊት ነበራቸው፤ ትሪመር ግን ሰፈር የለውም፤ ሰፈር የሌለውም ሰው ስሙን የሚያድስለት አያገኝም። ሃሊፋክስ ይህን ሥራ ብቻውን ተቀበለ።

ሃሊፋክስ ይህን ስድብ ያተረፈው በሥራው ነው። በኅዳር ወር 1680 ጄምስን ከአልጋ ወራሽነት የሚሰርዘው ሕግ ወደ መኳንንቱ ምክር ቤት በቀረበ ጊዜ፥ የሕጉ ዋና ተሟጋች ሻፍትስበሪ ነበር፤ እርሱም የሃሊፋክስን የእናቱን እኅት አግብቶ የነበረ አጎቱ ነው። ሃሊፋክስ ጄምስን የማይወድ፥ ሃይማኖቱንም የሚጠራጠር ሲሆን፥ ወራሽን በምክር ቤት ድምፅ መሰረዝ አገሪቱን ወደ ሁለተኛ ጦርነት ይወስዳታል ብሎ ብዙ ሰዓት ከአጎቱ ጋራ ተከራከረ። ሕጉም 30 ሰዎች ሲደግፉት 63 ሰዎች ተቃውመውት ወደቀ። ወዲያውም የሕዝቡ እንደራሴዎች ምክር ቤት ሃሊፋክስ ከንጉሡ አማካሪነት እንዲሰናበት ለመነ። እንግዲህ በዚያ ዓመት ሃሊፋክስ የዊጎች ጠላት ነበር።

ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ሚዛኑ ተገለበጠ። ዊጎች ወደቁ፤ ቶሪዎች በረቱ፤ በ1683 ንጉሡንና ወንድሙን ለመግደል ሤራ ተደርጓል ተብሎ የዊግ መሪዎች ተያዙ። በዚያን ጊዜ ሃሊፋክስ የንጉሡ የማኅተም ጠባቂ ነበር፤ በእኛ አገር አነጋገር ከጸሐፌ ትእዛዝ ጋራ የሚቀራረብ ማዕርግ ነው። ወዳጆቹ አሸነፉ ተብሎ ደስ ሊለው በሚገባበት ጊዜ፥ ለተያዙት ሰዎች ይማልድ፥ ምክር ቤቱ እንዲጠራ ይወተውት ጀመር። በ1684 መጨረሻም በአሜሪካ የሰፈሩት እንግሊዞች ያለ ሕግና ያለ እንደራሴ ይገዙ ሲባል፥ በእንግሊዝ አገር ያለው ሕግ ለእነርሱም ይገባል ብሎ በንጉሡ ፊት ተቃወመ። እንግዲህ በዚህ ዓመት የቶሪዎች ጠላት ሆነ።

«የትሪመር ጠባይ» የተጻፈው በዚሁ ጊዜ፥ በ1684 መጨረሻና በ1685 መጀመሪያ መካከል ነው። ምክር ቤቱ ከ1681 ጀምሮ አልተጠራም ነበር። መጽሐፉ በመጀመሪያ በእጅ እየተገለበጠ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ይተላለፍ ነበር፤ በማተሚያ ቤት የታተመው በ1688 ነው፤ በላዩም የተጻፈው የሃሊፋክስ ስም ሳይሆን ከሁለት ዓመት በፊት የሞተው የአጎቱ የሰር ዊልያም ኮቨንትሪ ስም ነበር። ዋናው አንባቢ እንዲሆን የታሰበው ንጉሡ ራሱ እንደ ነበረ ከአነጋገሩ ይታወቃል። ንጉሡ ግን በየካቲት 1685 ሞተ።

መጽሐፉ በመግቢያው የስሙን ትርጓሜ በአንድ ምሳሌ ይገልጣል። አሳቡን በራሳችን ቃል ብንናገረው እንዲህ ነው፤ ሰዎች በአንዲት ታንኳ ሲሄዱ አንዱ ወገን ወደ ቀኝ፥ አንዱ ወገን ወደ ግራ ቢያጋድላት፥ ታንኳይቱ ተስተካክላ ብትሄድ ለሁሉም ይበጃል የሚል ሦስተኛ አሳብ ቢነሣ ነውሩ ምንድን ነው? በጣና ባሕር ላይ በደንገል ታንኳ ወደ ገዳማቱ የተሻገረ ሰው ይህን ምሳሌ ያለ አስተርጓሚ ያስተውለዋል። ቀዛፊው ተሳፋሪውን ወዲያና ወዲህ እያለ ሲያስቀምጥ ለማንም አያዳላም፤ ውኃው እንዳይገባ ብቻ ይጠነቀቃል።

ከመግቢያው በኋላ መጽሐፉ በአራት ክፍል ይሄዳል። አንደኛው ስለ ሕግና ስለ መንግሥት፥ ሁለተኛው ስለ ፕሮቴስታንት ሃይማኖት፥ ሦስተኛው ስለ ካቶሊኮች፥ አራተኛው ስለ ውጭ አገር ጉዳይ ነው፤ ከዚያም መደምደሚያ አለው። ይህን አከፋፈል የምንጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ መካከለኛነት የሚጽፍ ሰው የሚፈተንበት ነገር በዚህ ውስጥ ስላለ ነው። መካከለኛነትን እንዲሁ በጥቅሉ ማመስገን ቀላል ነው፤ በአንድ በአንድ ነገር ላይ «እዚህ ላይ ምን ትላለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ መመለስ ግን ሌላ ነው። ሃሊፋክስ ይመልሳል። በሕግ ነገር፥ ንጉሡም ሕዝቡም ከሕግ በታች ናቸው ይላል፤ ንጉሥ የሌለበት መንግሥት ለአገሩ አይስማማም፥ ሕግ የሌለበት ንጉሥም አይበጅም ባይ ነው። በካቶሊኮች ነገር፥ የእነርሱን ሥልጣን እየፈራ፥ ነገር ግን ተራው ምእመን በጽኑ ሕግ ተጨቍኖ ተስፋ እንዳይቈርጥ ይመክራል፤ ኦትስ ያስነሣው የጥላቻ እሳት ገና ሙቀቱ ሳይጠፋ ይህን ማለት ቀላል አልነበረም።

በአራተኛው ክፍል ግን አንባቢው ያልጠበቀውን ነገር ያገኛል። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በአውሮፓ ላይ ኃይሉን በሚያበዛበት በዚያ ጊዜ፥ ሃሊፋክስ በዚህ ነገር መካከል የለም ይላል። አገሩ ዝም ብላ ጎረቤቶቿ ሲዋጡ መመልከቷን አጥብቆ ይነቅፋል። ዛሬ እንደምናውቀው ዳግማዊ ቻርልስ በዚሁ ዘመን ከሉዊ በምስጢር ገንዘብ ይቀበል ነበርና፥ መጽሐፉ ሊያነብበው የታሰበውን ንጉሥ በተደበቀ ቍስሉ ላይ የነካው ነበር። አገሩንም ከሁሉ ይልቅ እንደሚወድ፥ በዚህ ፍቅር ብቻ ወደ ጣዖት አምልኮ እንደሚቀርብ ይናገራል። ይህ ክፍል ለመጽሐፉ ሁሉ ቍልፍ ነው እንላለን። ሰውየው በሁሉ ነገር መካከል ሊቀመጥ የማለ ሰው እንዳይደለ፥ የሚጠብቀው ታንኳይቱን እንጂ በታንኳይቱ ውስጥ ያለውን የመካከል መቀመጫ እንዳይደለ ያሳያልና።

ከካህናት ወገን የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ የሎዶቅያን ቤተ ክርስቲያን ያስታውሰን ይሆናል፤ ትኩስም ቀዝቃዛም ባለመሆኗ ተገሥጻለችና። መካከለኛን ሰው ለመንቀፍ ከዚህ የሚበልጥ ጥቅስ የለም ይባላል። ነገር ግን ያች ቤተ ክርስቲያን የተገሠጸችው በሁለት ጠበኞች መካከል ስለ ቆመች አይደለም፤ «ባለጠጋ ነኝ፥ ምንም አያስፈልገኝም» ብላ ስለ ተኛች ነው። ለብ ማለት የስፍራ ነገር ሳይሆን የልብ ነገር ነው። ወገኑ ያለውን ሁሉ እየደገመ የሚጮኽ ሰው ልቡ ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል፤ ሃሊፋክስ ስለ ሕግና ስለ አገሩ ሲናገር ግን ለብ ያለ ሰው አይመስልም።

የመጽሐፉን በጎነት እንዲህ ከተናገርን ጕድለቱን መሸሸግ አይገባንም። መጀመሪያው ጕድለት በመደምደሚያው ውስጥ ነው። በዚያ ሃሊፋክስ በዓለም ያለ መልካም ነገር ሁሉ ትሪመር መሆኑን ይቈጥራል። የአገሩ አየር በሚያቃጥለውና በሚያቀዘቅዘው ምድር መካከል ነው፤ ሕጉ ወሰን በሌለው ሥልጣንና ልክ ባጣ ነጻነት መካከል ነው፤ በጎ ጠባይ ሁሉ በሁለት ክፉ ጠባዮች መካከል ነው፤ እግዚአብሔርም ራሱ በምሕረቱና በፍርዱ መካከል ነው ይላል። አነጋገሩ ያማረ ነው፤ ከመጽሐፉም ሁሉ ይልቅ ሲጠቀስ የኖረው ይህ ነው። ነገር ግን ከሚገባው በላይ ያስረዳል። እንዲህ ከሆነማ የባልንጀራውን ገንዘብ እኩሌታ የሚሰርቅ ሰው፥ ሁሉን በሚወስደውና ምንም በማይወስደው መካከል ነውና ሊመሰገን ነው። ማናቸውም ነገር ሁለት የከፋ ጎረቤት ቢፈለግለት መካከለኛ ሆኖ ይታያል።

ይህን ነገር ከሰሎሞን ፍርድ በላይ የሚያስረዳ የለም። ሁለት ሴቶች በአንድ ሕፃን ሲጣሉ «ሕፃኑ ይከፈል» የሚለው ቃል መካከለኛ ፍርድ ይመስል ነበር፤ ሐሰተኛይቱም ሴት በደስታ ተቀበለችው። እውነተኛይቱ እናት ግን ሕፃኑ ከሚሞት ለባላጋራዬ ይሰጥ ብላ ጮኸች። እንግዲህ እኩል መክፈል ሁልጊዜ ፍርድ አይደለም። እናቲቱን እናት ያሰኛት እኩሌታውን መሻቷ ሳይሆን፥ ሕፃኑ በሕይወት እንዲኖር የራሷን ድርሻ መልቀቋ ነው። ሃሊፋክስ በመደምደሚያው እኩሌታውን ሲያመሰግን በታንኳው ምሳሌ የጀመረውን የተሻለ አሳቡን ረሳው።

ሁለተኛው ጕድለት ከዚህ ይከብዳል፤ ነገሩ የደም ነገር ነውና። በ1683 ሎርድ ራስል በሐምሌ፥ አልጀርነን ሲድኒ በታኅሣሥ አንገታቸው ተቈረጠ። ሁለቱም የዊግ ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። ሃሊፋክስ ለራስል ማልዶ ነበር፤ ምልጃው ግን አልተሰማለትም። ከዚያ በኋላስ ምን አደረገ? በማኅተም ጠባቂነቱ ጸና። በዚያው ወንበር ተቀምጦ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ሕግና ስለ ልከኝነት ያማረ መጽሐፍ ጻፈ። በመጽሐፉም ውስጥ፥ ልከኛ ሰው ከማይሰማው ጌታ ጋራ እስከ መቼ ሊቀመጥ እንደሚገባው፥ ከየትኛው ሥራ በኋላ ወንበሩን ሊተው እንደሚገባው የሚናገር ግልጥ ቃል አናገኝም። ለወላዋዩም ለልከኛውም እኩል የሚመች ዝምታ ነው።

ዊጎች ይህን አልረሱም። በ1689 ጊዜው ሲለወጥላቸው፥ በመኳንንቱ ምክር ቤት ስለ ራስልና ስለ ሲድኒ ሞት መርማሪዎች ተሾሙ፤ ዓላማቸውም ሃሊፋክስን ማግኘት እንደ ነበረ ግልጥ ነው። ቲሎትሰን የሚባለው፥ በኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ቄስ፥ ሃሊፋክስ ስለ ራስል ከልቡ አዝኖ እንደ ነበረ መሰከረለት። በምርመራው ጥፋት አልተገኘበትም። ነገር ግን ጥፋት አለመገኘቱና ከነቀፋ መዳኑ አንድ አይደሉም፤ በየካቲት 1690 ከሥልጣኑ ወረደ።

በዚህ ነገር ላይ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት አንድ ሌላ ምስክር እንጥራ። ጆን ድራይደን በ1681 ባሳተመው «አቤሴሎምና አኪጦፌል» በሚለው ግጥሙ የዘመኑን ሰዎች በመጽሐፍ ቅዱስ ስሞች ጠራቸው። ሻፍትስበሪን አኪጦፌል፥ ሃሊፋክስን ግን ኢዮአታም አለው። ድራይደን ይህን ስም የሰጠው ስለ አንደበቱ ነበር፤ ምናልባት ካሰበው በላይ ግን ትክክል ሆነ። ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ቆሞ ለሴኬም ሰዎች የተናገረው ምሳሌ ለካህናት የታወቀ ነው። ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ሄዱ፤ ወይራው ዘይቴን አልተውም አለ፤ በለሱ ጣፋጭነቴን፥ ወይኑም ጠጄን አልተውም አለ፤ በመጨረሻ እሺ ያለው እሾሁ ነበር። ምሳሌው የሚነቅፈው አቤሜሌክን ነው፤ ግን ወይራውንና በለሱንም ሳይነካ አያልፍም። ደጋጎቹ ሁሉ እጃቸው እንዳይቈሽሽ ብለው ሥልጣንን ቢሸሹ ጥላ የሚሆነው እሾህ ነው።

እንግዲህ ሃሊፋክስን የሚከስሰውና የሚያጸድቀው ነገር እኩል ከባድ ነው። በወንበሩ በመጽናቱ የራስልን ደም በሚያፈስሰው መንግሥት ውስጥ ስሙ ተቈጠረ፤ ወንበሩን ቢተው ደግሞ በዚያ ሸንጎ ስለ ምሕረትና ስለ ምክር ቤት መጠራት አጥብቆ የሚናገር ሰው ከወዴት ይገኝ ነበር? መጽሐፉ ይህን ጥያቄ አይፈታም። የመጽሐፉ ጸሐፊ ሕይወት ግን በከፊል ይፈታዋል፤ ስለዚህም «የትሪመር ጠባይ» ከጸሐፊው ታሪክ ተለይቶ ቢነበብ እኩሌታ መጽሐፍ ነው እንላለን።

ቻርልስ ሞቶ ጄምስ በነገሠ ጊዜ፥ ሃሊፋክስ ከአምስት ዓመት በፊት አልጋውን ያዳነለት ሰው ስለ ነበር ታላቅ ሹመት ሊጠብቅ ይችል ነበር። ጄምስም የአማካሪዎቹ ሁሉ አለቃ አድርጎ አስቀመጠው። ነገር ግን በዚያው ዓመት ካቶሊኮችን ከሹመት የሚከለክለው ሕግና ሰው ያለ ፍርድ እንዳይታሰር የሚጠብቀው ሕግ እንዲሻሩ እንዲደግፍ በጠየቀው ጊዜ፥ ሃሊፋክስ እንቢ አለ። በጥቅምት 1685 ተሻረ። ራስል ሲሞት ያልተወውን ወንበር ሕግ ሲፈርስ ተወው። ወሰኑ በዚያ ነበር። ለአንድ ሰው ደም አልተነሣም፥ ለሕግ ግን ተነሣ ብሎ የሚነቅፈው አንባቢ አይሳሳትም፤ ነገር ግን ወሰን አልነበረውም የሚለው ይሳሳታል። ወላዋይ ሰው እንዲህ ያለ ወሰን የለውም፤ ሹመቱ እስካለ ድረስ ሁሉ ይመቸዋል።

ከዚያም በ1687 ለተቃዋሚ ፕሮቴስታንቶች አንድ ደብዳቤ ጽፎ፥ ጄምስ የሚሰጣችሁን ነጻነት ተጠንቀቁ፥ ዛሬ የሚያቅፋችሁ ነገ ሊያስጨንቃችሁ ነው ብሎ መከራቸው። በ1688 ሰባት ታላላቅ ሰዎች የኦራንጁን ዊልያም ከሆላንድ በጦር እንዲመጣ ሲጠሩት፥ ሃሊፋክስ በዚያ ወረቀት ላይ አልፈረመም። እስከ መጨረሻው ድረስ በንጉሡና በዊልያም መካከል ስምምነት ይፈልግ ነበር። ጄምስ ሸሽቶ አልጋው ባዶ በሆነ ጊዜ ግን፥ መኳንንቱ ሸንጎውን የሚመራላቸው ሰው ሲሹ ያገኙት ያንኑ ሰው ነው። በየካቲት 13 ቀን 1689 በዋይትሆል አዳራሽ፥ ከዐርባ ዓመት በፊት ቀዳማዊ ቻርልስ በፊቱ በተገደለበት ሕንጻ ውስጥ፥ ለዊልያምና ለሜሪ ዘውዱን እንዲቀበሉ በመኳንንቱ ስም የለመነው ሃሊፋክስ ነበር። በዚያች ቀን ዊግም ቶሪም በእርሱ አፍ ተናገሩ።

ማኮሌ የሚባለው ታላቅ የታሪክ ጸሐፊ በ1855 ባሳተመው የታሪኩ ክፍል ሃሊፋክስን አብዝቶ ያመሰግነዋል። ከምስጋናው ሁሉ የሚበልጠው ስለ ሁለት አንገቶች የተናገረው ነው። በ1680 ዊጎች በበረቱ ጊዜ በሐሰት ምስክር የሚሞተው ካቶሊኩ ሎርድ ስታፎርድ እንዲድን ደከመ፤ በ1683 ቶሪዎች በበረቱ ጊዜ ደግሞ ዊጉ ራስል እንዲድን ደከመ። ሁለቱንም አላዳነም፤ ሁለቱም ሞቱ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሁሉም ሰው ለራሱ ወገን ሟች ሲያለቅስ፥ ለሁለቱም የደከመ ሰው ከተገኘ እርሱ ነው። እኛ በማኮሌ ምስጋና ሁሉ አንስማማም፤ የራስልን ነገር ሲያልፍ ወንበሩን ጨርሶ ያልመዘነ ይመስለናልና። ነገር ግን ልከኛውን ከወላዋዩ የሚለየው ምልክት በእነዚህ ሁለት ስሞች ውስጥ መገኘቱን እናምናለን።

ምልክቱ ይህ ነው። ሁለቱም፥ ልከኛውም ወላዋዩም፥ ስፍራቸውን ይለውጣሉ፤ ስለዚህ ስፍራ በመለወጣቸው ብቻ ሊለዩ አይችሉም። ወላዋዩ ግን ወደ ከበደው ወገን ይሄዳል፤ ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለው ምክር የእርሱ ነው። ልከኛው ወደ ቀለለው ወገን ይሄዳል፤ ወገኑም ሲበረታ ይተወዋል። የሲራራ ነጋዴ የአጋሰሱ ጭነት ወደ አንድ ወገን ሲያጋድልበት ምን እንደሚያደርግ አይተናል፤ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንሥቶ በቀለለው ወገን ያስራል። ድንጋዩ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፤ ገበያ ሲደርሱም ተፈትቶ ይጣላል፤ ማንም አያመሰግነውም። ጭነቱ ሳይወድቅ የደረሰው ግን በእርሱ ነው። ሃሊፋክስም በ1680 ለቀለለው ለንጉሡ ወገን፥ በ1683 ለቀለሉት ለዊጎች፥ በ1685 ለቀለለው ለሕጉ ተጨመረ፤ በሦስቱም ጊዜ ያተረፈው ጥላቻን ነው።

ይህን መመዘኛ ይዞ መጽሐፉን የሚያነብብ ሰው ከሁለት ስሕተት ይድናል። አንደኛው፥ በመካከል የቆመውን ሁሉ ያለ ምርመራ ከዳተኛ ማለት ነው። ሁለተኛው፥ በመካከል መቆምን ብቻውን እንደ ጽድቅ መቍጠር ነው፤ ይህም በኋለኛው ዘመን መጽሐፉን ያመሰገኑ ብዙ ሰዎች የወደቁበት ነው። መካከለኛ ነኝ የሚል ሰው ሦስት ጥያቄ ሊመልስ ይገባዋል፤ የምትጠብቀው ምንድን ነው? ስፍራህን ስትለውጥ ወደ ከበደው ነው ወይስ ወደ ቀለለው? ወንበርህን የምትተውበት ወሰን የት ነው? ሃሊፋክስ ለመጀመሪያው በመጽሐፉ፥ ለሁለተኛው በሥራው መለሰ። ለሦስተኛው ዘግይቶ መለሰ፤ መዘግየቱም እስከ ዛሬ ይከስሰዋል።

ስለ አጻጻፉ ጥቂት እንጨምር። ሃሊፋክስ ስድቡን በስድብ አይመልስም፤ የሰደበውን ሰው ስም እንኳ ለማንሣት አይቸኵልም። አረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ስለታም ናቸው፤ ቀልድ አለባቸው፤ ነገር ግን ቀልዱ በአሳብ ላይ እንጂ በሰው ገላ ላይ አያርፍም። በዘመኑ ከነበሩት የክርክር ጽሑፎች አብዛኞቹ ዛሬ የሚያነብባቸው የታሪክ መርማሪ ብቻ ሲሆን፥ ይህ ትንሽ መጽሐፍ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ለማናቸውም አንባቢ ሕያው የሆነው በዚህ ይመስለናል። ፎክስክሮፍት የምትባል ሴት በ1898 የሕይወቱን ታሪክና ደብዳቤዎቹን በሁለት ጥራዝ ሰብስባ አሳትማለችና፥ የበለጠ ሊያውቅ የሚወድ በዚያ ያገኛል።

መጽሐፉን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቢነሣ አስቀድሞ የሚያስቸግረው ርእሱ ነው። «ገላጋይ» ቢለው፥ ገላጋይ የሚገባው ዱላ ከተነሣ በኋላ ነው፤ «አስታራቂ» ቢለው፥ አስታራቂ ሰዎችን እንጂ ጭነትን አያስተካክልም። እኛ ግን «መሐል ሰፋሪ» ብሎ እንዲተወው እንመክረዋለን። ሃሊፋክስ የሠራው ሥራ ሌላ አልነበረም፤ የተሰደበበትን ቃል ሳይለውጥ ትርጓሜውን ለወጠው። የእኛም ቃል ከስድብ በፊት በንጉሥ ድንኳን ዙሪያ በክብር ይሰፍር ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ጎረቤትህን በዚህ ስም ከመጥራትህ በፊት፥ ባለፈው ጊዜ ወገንህ በደከመ ቀን ከማን ጋራ ቆሞ እንደ ነበረ አስታውስ።